በካርድ የዳንኩባቸው ሦስት ዓመታት

መርሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሃፍታይ ልጅ፣ ለዊንታ፤

ያለሽበት አገር ሙቀቱ ይብረድልሽ። አሠሪዎችሽ ልበ ቀና ይሁኑልሽ። እኔ በሕመም የገባሁበትን እርጅና አንቺ በጤና ግቢበት። እኔ ለፈጠረኝ ምስጋና ይግባውና በጣም ደህና ነኝ።

የምጽፍልሽ መተንፈስ ስላቃተኝ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ዋናው ነገር ላይ ሳልደርስ ትንፋሼ አለቀ፤ አንቺም «አክስቴ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብለሽ ዘጋሽው። የተቆራረጠው ኔትወርኩ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። ወረቀት ግን ይታገሠኛል። በሃምሳ አምስት ዓመቴ ጉልበቴ በማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እበላለሁ፤ ብዙ አይደለም። ከዚያ ከእንብርቴ በላይ አንድ ነገር ይነሣና ደረቴ ውስጥ ይቀመጣል። ጎንበስ ካልኩ ጎምዛዛ ውሃ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። በጀርባዬ ከተኛሁ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። ዳገቱ ይቅርና ሜዳው ላይ ሃምሳ እርምጃ ሄጄ የሰው አጥር እደገፋለሁ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ማሽላ እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥተን ወፍ እንጠብቃለን። ወፍ የሚባረረው በወንጭፍና በጩኸት ነው። ዘንድሮ አንዴ ከጮኽኩ ሁለተኛው አልወጣም አለኝ። የሥራ ተቆጣጣሪው አዳነ «እትዬ ትብለፅ፣ ወፎቹ እኮ ዘመድ አድርገውዎታል፤ አጠገብዎ ቁጭ ብለው ነው የሚበሉት» ብሎ ሴቶቹን አሳቀብኝ። በማግስቱ ከማማው አወረደኝ። አሁን ጥላ ሥር ተቀምጬ የናሙና ከረጢት አፍ እሰፋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ጠብቄ አንድ ማሳ አላስበላሁም።

ጤና ጣቢያ ስመላለስ ሦስት ዓመቴ ነው። ወልድያ ሄጄ የደረት ራጅ ተነሣሁ፤ ንጹሕ ነው አሉ። ልቤን በሽቦ አስረው አዩት፤ ንጹሕ። ደሜም ንጹሕ። «እናቴ፣ ምንም የለብዎትም።» ምንም የሌለበት ሰው መተንፈስ ያቅተዋል? ደሴ ሄጄ ሆዴ በካሜራ እንዲታይ ሪፈር ጻፉልኝ ብላቸው «ለምን?» ይሉኛል። ያለ እነሱ ወረቀት ደሴ አይቀበለኝም። አንቺ ነርስ ነሽ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? የምፈልገው ያንን ወረቀት ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አብዱልሐሊም ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ መልስሽንም በትልልቁ ያትምልኛል። አላነበውም ይላል። ሲያስል ግን የት ላይ እንደደረሰ አውቃለሁ።

አክስትሽ ትብለፅ


ሪያድ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ፣ ለወይዘሮ ትብለፅ፤

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ሰላም እላለሁ። ጸሎትዎ አይለየኝ። ደብዳቤዎን አይቼ በጣም ደህና መሆንዎን ስላወቅሁ ሐሳብ ወረደልኝ። እኔም እዚህ ደህና ነኝ፤ ሥራ ብቻ ይበዛል።

ስለ ትንፋሽዎ የጻፉትን አነበብኩ። ራጁም ልቡም ንጹሕ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይህን የመሰለ ነገር ከጭንቀት ይመጣል። እርስዎ ደግሞ ቀላል ዘመን አላሳለፉም፤ የአባቴ ሞት አለ፣ የጦርነቱ ጊዜ አለ። በርበሬና ቡና ይቀንሱ። ሲያጥርዎ ቁጭ ብለው በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። ጥቂት ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ቫይታሚን ይግዙበት።

ልጅዎ ዊንታ


መርሳ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዊንታ፤

ጥምቀቱን በሰላም አሳልፈሻል ብዬ አምናለሁ። ባሕሩ በረከቱን ያሻግርልሽ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ።

ጭንቀት ነው አልሽኝ። ወንድሜን ስቀብር መተንፈስ እችል ነበር። ከተማው ሲታመስ ከወልድያ መርሳ በእግሬ ስመጣ፣ አንድ ጆንያ ተሸክሜ፣ እችል ነበር። አሁን ሰላም ውዬ ጎመን በልቼ ነው የማልችለው። ይህ እንዴት ያለ ጭንቀት ነው፣ ምሳ ጠብቆ የሚመጣው? በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ መከርሽኝ። በየት የምተነፍስ መስሎሽ ነበር? ገንዘብም አልጠየቅሁሽም። የጠየቅሁሽ ለሐኪሙ የምለውን ቃል ነው። ቫይታሚን አልገዛሁም።

ስለዚህ ራሴ ሥራ ሠራሁ። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ካርድ ክፍሉ ካርድሽን ያስይዝሽና ሐኪሙ በር ላይ ወረፋ ትጠብቂያለሽ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁ። ደብተሬን አውጥቼ ካርዴ ላይ ያለውን በሙሉ ገለበጥኩት። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ቅርጹን ነው የሣልኩት። ጎረቤቴ ሸጊቱ አጠገቤ ነበረች።

«ትብለፅ፣ ሐኪም ልትሆኚ ነው?»

«አዎ። መጀመሪያ የምወጋው አንቺን ነው።»

«ይበሉሻል፤ የመንግሥት ወረቀት ነው» አለች ዙሪያዋን እያየች።

«ሕመሙ የኔ ነው» አልኳት።

ከዚህ ጋር ሦስት ገጽ አለልሽ። አንድ ነገር አስተውዪ። አንድ ቃል ስድስት ጊዜ ተደጋግሟል። ሲጀምር ዘንግ ይቆማል፤ ቀጥሎ ባለ ሦስት እግር፤ ቀጥሎ ጭራው ወደ ታች የወረደ። የበሽታዬ ስም እሱ መሆን አለበት። ስሙን ካወቁት ምነው ደበቁኝ? ሰው እንዳይደነግጥ የሚደበቅ በሽታ አለ ይባላል። እኔ አልደነግጥም። ምንድን ነው? ቁርጡን ንገሪኝ።

ትብለፅ


ሪያድ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ሰላምታዬን ከእንባዬ ጋር ይቀበሉኝ።

ሥዕልዎ አንድ መስመር አልተሳሳተም፤ ሁሉንም አነበብኩት። ስድስት ጊዜ የተጻፈው ቃል የበሽታ ስም አይደለም። «ተሽሏታል» ማለት ነው።

እንደ ቅደም ተከተሉ ልንገርዎ። በመጀመሪያው ቀን «የጨጓራ ሕመም፤ መድኃኒት ታዘዘ» ይላል። ከሦስት ወር በኋላ «ታካሚዋ ደህና ነኝ ብላለች፤ ተሽሏታል።» ከዚያ «ተሽሏታል፤ መድኃኒቱ ይቀጥል።» ከዚያ «ተሽሏታል፤ መድኃኒቱ ይቁም።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ «ደህና ናት፤ ተደጋግማ ትመጣለች፤ ጭንቀት ሊሆን ይችላል» ተብሏል። ሪፈር የማይጽፉልዎ ለዚህ ነው። በካርዱ መሠረት ድነዋል።

ማን እንዳለው ላውቅ ብዬ ብዙ አሰብኩ። አክስቴ፣ ያሉት እርስዎ ነዎት። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «ተመስገን፣ ደህና» ይላሉ። እሱ ያንን ይጽፋል።

ይህን በምን አወቅሽ ካሉኝ፣ እኔም እንዲሁ አደርግ ስለነበር ነው። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ገጠር ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት ስሠራ በቀን ስልሳ ሰው አይ ነበር። እናቶቹ ገብተው «ተመስገን» ሲሉ እጄ ያንን ቃል ጽፎ ይጨርሳል፤ ቀና ስል ቀጣዩ ሰው ገብቷል። የእርስዎንም የመጀመሪያ ደብዳቤ እንደዚያው አነበብኩት። «በጣም ደህና ነኝ» የሚለው ላይ ዐረፍኩና የቀረውን በጥድፊያ አለፍኩት።

ይቅር ይበሉኝ።

ዊንታ


መርሳ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዊንታ፤

ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ በካርድ እየዳንኩ ኖሯል።

ሰው እንዴት ነሽ ሲል ምን ይባላል? የፈጣሪን ስም ሳይጠሩ በር ላይ ቆሞ ማማረር የማን ወግ ነው? ደህና ነኝ ይባላል፤ ከዚያ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሕመሙ ይወራል። ሐኪሞቹ የዚሁ አገር ልጆች አይደሉም? እናት የላቸውም? እኔ «ደህና» ብዬ ልቀመጥ ስል እኮ ነው «ጨርሰናል እናቴ» የሚሉኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ዐረብ አገር ከመሄድሽ በፊት ስንቱን አድነሽ ሄድሽ?

ትብለፅ


ሪያድ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ትብለፅ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ሁለት ወር ዝም ማለቴ ከሥራ ብዛት አይደለም። መልስ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ቀደድኩት። ለጥያቄዎ ቁጥር የለኝም።

ላደርግ የምችለውን አደረግሁ። ከዚህ ጋር አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፌያለሁ፤ ለሐኪሙ ያንብቡለት። ሲበሉ የሚሆኑትን፣ ሲጎነበሱ የሚሆኑትን፣ ሲተኙ የሚሆኑትን፣ ስንት እርምጃ ሄደው እንደሚቆሙ ለየብቻው አስቀምጫለሁ፤ ሁሉም ከደብዳቤዎ የተወሰደ ነው። በሆድና በደረት መካከል እንደ መጋረጃ የተዘረጋ ጡንቻ አለ፤ መብል የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ሲሰፋ ጨጓራ ወደ ደረት ይወጣል። እሱም ሄርኒያ ይባላል፤ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። በካሜራ ይታያል። የእርስዎ እሱ ሊሆን ይችላል። ጭንቀት ያልኩትን ይተዉልኝ።

ልጅዎ ዊንታ


መርሳ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዊንታ፤

ክረምቱ የጥጋብ ይሁንልን፤ አንቺንም ካለሽበት በደህና ያውጣሽ። የዘገየሁት መንገዱ ተዘግቶ፣ ኔትወርኩም ጠፍቶ ነው። ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ፤ አብዱልሐሊም እስኪበቃው ያስል።

ግንቦት ላይ ወረቀትሽን ይዤ ሄድኩ። የነበረው ገዛኸኝ የሚባለው ጤና መኮንን ነው። ቀና ሳይል «እንዴት ነዎት እናቴ?» አለኝ። መንገዱን ሙሉ ሳጠና የሄድኩትን አፌ ረሳው። «ተመስገን ደህና ነኝ፤ አንተስ እንዴት ነህ?» ብዬው ዐረፍኩ። ብዕሩ ወረደ። ያንን ዘንግ ሲያቆመው አየሁት። ባለ ሦስት እግሩን ሲጀምር መዳፌን ካርዱ ላይ ጣልኩበት።

«እሱን አትጻፈው!»

«ምኑን?»

«ሰላምታ ነው። በሽታዬን ገና አልነገርኩህም።»

«ደህና ነኝ አሉኝ እኮ እናቴ።»

«እናትህ አለች?»

«አለች። ኮምቦልቻ ናት።»

«ደውለህላት ደህና ነኝ ስትልህ ታምናታለህ?»

ብዕሩን አስቀመጠ። «አላምናትም» አለ።

ወረቀትሽን ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ትንፋሼ አለቀ። የቀረውን ከእጄ ወስዶ ራሱ አነበበው፤ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ደረቴን ያያል። በሦስት ዓመት ውስጥ የዚያ ቤት ሰው ዓይኑ ፊቴ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው። ሪፈሩን ጻፈልኝ። አላመሰገንኩትም። ሦስት ዓመት የዘገየ ወረቀት ነው።

ደሴ የደረስኩት ሪፈሩ ከተጻፈልኝ በሦስተኛው ሳምንት፣ መንገዱ ሲከፈት ነው። ጎማ ቧንቧ አስዋጡኝ። አንቺም ሰው አስውጠሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ለማንም አይድረስ። ሐኪሟ ሴት ናት። «ከጨጓራዎ ሩብ ያህሉ ደረትዎ ውስጥ ገብቷል» አለችኝ። ሄርኒያ ነው፤ አንቺ እንዳልሽው፤ እኛ ቡአ የምንለው ዓይነት። ለሸጊቱ ስነግራት «ሴት ደግሞ ቡአ ይይዛታል? ያውም በደረት!» ብላ ከሳቋ ብዛት ተቀመጠች።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገርሽ። «ትንፋሼን የያዘው እሱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» አለችኝ። ልቤንና ሳንባዬን እንደገና አስመረመረች፤ አሁንም ንጹሕ። «አላውቅም እናቴ። ባውቅ እነግርዎት ነበር» አለችኝ። መሄጃና መመለሻ ሁለት ቀን ተንገላትቼ «አላውቅም» ይዤ ልመጣ!

«ካርዴ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አልኳት።

«ምክንያቱ ገና ያልታወቀ የትንፋሽ ማጠር።»

«ተሽሏታል የሚል የለውም?»

«የለውም።»

«ጣትሽን አኑሪና አሳዪኝ» አልኳት። አሳየችኝ። ዘንጉ የለም።

ኦፕራሲዮን ከተፈለገ አዲስ አበባ ነው፤ ለጊዜው በመድኃኒት እንየው ብላኛለች። ጎምዛዛው ውሃ ቀንሷል፤ ትንፋሼ ያው ነው። በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ብዪ ተብያለሁ። የንስሐ አባቴ የሰኔን ጾም ፈቱልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመዋል የለመደ ሆድ ጠዋት ሲሰጡት ያፍራል፤ በሩን ዘግቼ እንደ ሌባ እበላለሁ። ራስጌሽን ከፍ አድርጊ ተባልኩ። የጭቃ መደብ እንዴት ብሎ ከፍ ይላል? አልጋ ተውሼ ከራስጌው ሥር ብሎኬት ከተትኩ፤ ሌሊቱን ወደ ግርጌ ስንሸራተት አድራለሁ። ማማው ላይ ከእንግዲህ አልወጣም። አዳነ «የከረጢቱ ሥራ ይሻልዎታል» ይለኛል፤ የተሻለው ለወፎቹ ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ቁጥር የለኝም ብለሻል። ቁጥሩን ተዪው። አንድ ስም የለሽም?

ትብለፅ


ሪያድ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፤

እግዚአብሔር በደጅዎ ይቁም።

አንድ ስም አለኝ። ወይዘሮ ሱመያ ይባላሉ። በገበያ ቀን እሠራበት ወደነበረው ግራና ወርደው ፓፓያ ይሸጣሉ፤ ግንባራቸው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላቸው። አራት ጊዜ እኔ ዘንድ መጥተዋል። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይገባሉ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው «ውሃ ይጠማኛል፣ እግሬም ይደነዝዘኛል» ይሉ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ቀጣዩን ሰው ጠርቻለሁ። የስኳር ምርመራ ልልካቸው ይገባ ነበር፤ አልላክኋቸውም። አራቱንም ጊዜ የጻፍኩት ያንኑ ቃል ነው።

በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ሰው ልኬ እንዳልጠይቅ መልሱን ፈራሁት።

ዊንታ


መርሳ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዊንታ፤

ዓመቱ ሳይለወጥ የጀመርነውን ልጨርስ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እግዚአብሔር በእጅሽ የሚያልፈውን በሽተኛ ሁሉ ይርዳው።

በገበያው ቀን በባጃጅ ግራና ሄድኩ። ባጃጁ ጭቃው ላይ አወረደኝ። ከዚያ እስከ ፍራፍሬ ተራው አጭር መንገድ ነው፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «አልታወቀም» አልኳት። እውነቴን ነው።

ሱመያ አለች። ፓፓያዋን ደርድራ ተቀምጣለች። ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ነሽ አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ቤቱ ደህና፣ ከብቱ ደህና። አንቺስ?»

«ተመስገን ደህና ነኝ» አልኩ፤ መባል ያለበት ነውና። ከዚያ «በይ እንግዲህ ሰላምታው አልቋል፤ በሽታሽን ንገሪኝ» አልኳት።

«ማን ነው በሽተኛ ናት ያለሽ?»

«ዊንታ የምትባል ነርስ።»

«ያቺ ቀጭኗ? ወይ የሷ ፀባይ! አንድም ቀን ሳትስቅልኝ ቀርታ አታውቅም።»

ይህን የጻፍኩት ደስ እንዲልሽ ብዬ አይደለም።

ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ። ደብተሬን ሳወጣ «ከቀበሌ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። «ታዲያ ለምን ትጽፊያለሽ?» «ማንም ስላልጻፈው» አልኳት። አሰበችና ፓፓያዎቹን በጨርቅ ሸፈነቻቸው።

ከራሷ ጀመረች። ዓይኗ ላይ ብዙ ቆየን። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እሷም ቀስ ብላ ነው የምታወራው። አንዳንዴ እኔ ለመተንፈስ ስቆም እሷ ትጠብቀኛለች። ጥሟን፣ ሽንቷን፣ መክሳቷን ነገረችኝ። ጉልበቷ ላይ ስትደርስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ግራ እግሯን አወጣች። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ፈታችው። ሁለት ጣት የለውም።

«መቼ ነው?»

«ነርሷ በሄደች በዓመቱ። ቆስሎ አልሰማሁትም ነበር፤ ደንዝዞ።»

ስኳር እንደሆነ የነገሯት ጣቶቿን ሲቆርጡ ነው። አሁን አውራ ጣቷ እየጠቆረ ነው። ለሐኪሙ ነገርሽው ወይ ብላት «ኧረ እንዴት ነሽ ሲለኝ አልሐምዱሊላህ አልኩት» አለችኝ። ገበያው ሳይበተን ተደግፈን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን፤ እሷ በእግሯ፣ እኔ በትንፋሼ እየቆምን። ደብተሩን ለሐኪሙ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። በዚያው ዕለት ወልድያ ላኳት። እግሩ ይተርፍ አይተርፍ እስካሁን አልሰማሁም።

የጻፍኩት ሁለት ገጽ ሆኗል። ዋናውን ይዛ ሄዳለች፤ ይህ ቅጂው ነው። ቆመሽ አታንብቢው።

አክስትሽ ትብለፅ